አደራና ሚዛን

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የቀበሌ የልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየናችን አባላት፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች፣
የተከበራችሁ የወረዳና የዞን የሥራ ኃላፊዎች፣
ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፣



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ስለ ምርጥ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም መስሎኝ ነበር። በኋላ «ስለ መተማመን ተናገር» ተባልኩ። «ይህማ የሽማግሌና የሃይማኖት አባት ሥራ ነው፤ እኔ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ ባለ ዲፕሎማ ነኝ» ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ። አንድ የኮሚቴው አባል ግን ሳቅ ብለው «አንተ እምነት አጉድለህ ታውቃለህ። መልሰህ ለማግኘት ስትደክምም አይተንሃል። እሱን ንገረን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ሌላውን ለመምከር ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የተመደብኩበት ቀበሌ በጅጅጋ ሜዳ ላይ ያለ፣ ነዋሪው ስንዴ፣ ማሽላና በቆሎ የሚዘራበት፣ ከዚያው ጎን ለጎን ከብት፣ በግና ግመል የሚያረባበት የከፊል አርብቶ አደር ቀበሌ ነው። ከረን የምንለው የክረምት ዝናብ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የስንዴ ምርጥ ዘር መጣ። ጆንያው አዲስ፣ አፉ በደንብ የተሰፋ፣ ካርዱ የተንጠለጠለበት ነበር። ገበሬዎቹ በእጃቸው ዘገን አድርገው አዩና «ዘሩ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «እኔ እያለሁ ምን ያሳስባችኋል?» አልኳቸው።

በኮሌጅ የተማርነው የብቅለት ፍተሻ ከባድ ነገር አይደለም። 100 ፍሬ ቆጥሮ በረጠበ ጨርቅ መጠቅለል፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ መጠበቅ፣ በስምንተኛው ቀን ፈትቶ ስንቱ እንደበቀለ መቁጠር ነው። ገንዘብ አያስወጣም፤ መሣሪያም አይፈልግም። እኔ ግን አልሠራሁትም። ያኔ «ጊዜ የለም» ነበር ያልኩት፤ እውነቱን ለመናገር ግን ስንፍናም ነበረበት።

ዝናቡ ጣለ፣ ተዘራ፣ ተጠበቀ። ማሳው ራሰ በራ ሰው መሰለ። አንዳንዱ ዘንድ ከተዘራው ግማሹ እንኳ አልወጣም። ደግመው የዘሩት ዝናቡ አልደረሰላቸውም፤ ሰብሉ እሸት ላይ ሳለ ከረን አለቀ። ለዘሩ መበላሸት ተጠያቂው ማንም ይሁን ማን፣ ለገበሬው ቃል የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ካርዱን ማንበብ የሚችልም የማይችልም ያመነው ካርዱን አይደለም፤ እኔን ነው።

የሚገርመው ግን ትልቁ ጉዳት ያ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ዘር መጣ። ይህኛው ጥሩ ዘር ነበር። እኔም ቤት ለቤት እየዞርኩ ለመንኩ። ከ60 በላይ አባወራ ካለው ማኅበር ዘሩን የወሰዱት 4 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ከጎተራ የቀረውን አሮጌ እህል ዘሩ። ዝናቡ በዚያ ዓመት መልካም ነበር። አራቱ ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው እጥፍ ያህል አፈሱ፤ የቀሩት በጥሩ ዝናብ ዓመት ትንሽ ምርት ይዘው ቀሩ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በመጀመሪያው ዓመት የጠፋው ዘር ነው። በሁለተኛው ዓመት የጠፋው ግን እምነት ነው፤ የበለጠ የጎዳንም እሱ ነው። መጥፎ ዘር የአንድ ክረምት ምርት ይወስዳል። የጠፋ እምነት ግን ጥሩውንም ዘር አያስዘራም።

በዚያ ሰሞን አንድ ሽማግሌ አስጠሩኝ። እኔ አደር እላቸዋለሁ፤ እንደ አገራችን ልማድ እሳቸውም መልሰው አደር ይሉኛል። ሻይ አስቀዱልኝና «አደር፣ ጠልተንህ እንዳይመስልህ። ልጃችን ነህ። ነገር ግን በቃልህ ብቻ ልጅ አናሳድግም» አሉኝ። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከእሳቸው ጋር በኋላ እንዴት እንደታረቅን በንግግሬ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህ አገር ስለ መተማመን የሚያውቀው ከእኔ ዲፕሎማ በፊት ነው። ድሮ መኪናም ባንክም ሳይኖር ከዘይላና ከበርበራ ወደብ እስከ ሐረር ድረስ ቅፍለት ይመላለስ ነበር። ጨርቅ፣ ጨው፣ ቡና፣ ቆዳ ያልፍ የነበረው በዚሁ በእኛ ሜዳና በአካባቢው ነው። ያንን ሁሉ ንብረት የሚጠብቅ ፖሊስ አልነበረም። የሚጠብቀው አባን ነበር። እንግዳ ነጋዴ የሶማሌን ምድር ሲረግጥ አንድ አባን ይይዛል። አባኑ አስተናጋጁ፣ ጠባቂው፣ አስተርጓሚውና ደላላው ነው። በእንግዳው ላይ የደረሰ ጥቃት በአባኑ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል፤ በአባኑ ላይ የደረሰ ደግሞ የወገኑ ሁሉ ጉዳይ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ተነስቶ ሐረር የገባው በዚሁ ሥርዓት ሲሆን፣ በጉዞ መጽሐፉም ላይ ስለ አባን ጽፏል።

ዛሬም ቢሆን በጅጅጋና በቶጎጫሌ የቁም እንስሳት ገበያ የሚውል ሰው ይህንኑ በሌላ መልኩ ያየዋል። ሻጭና ገዢ በደላላው አማካይነት እጃቸውን በጨርቅ ሥር አድርገው በጣት ዋጋ ይነጋገራሉ። ደላላው ሻጩን ያውቃል። እንስሳው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ «ሻጩን አምጣ» የሚባለው እሱ ነው። ነጋዴው በጎቹን በዱቤ ወስዶ፣ በርበራ ወደብ ላይ ሸጦ፣ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ የሚከፍልበት ጊዜም አለ። በመካከሉ የተፈረመ ወረቀት ላይኖር ይችላል።

ይህ የሚሆነው የእኛ ሰው ልብ ከሌላው ሰው ልብ የተለየ ስለሆነ አይደለም። አጭበርባሪ እዚህም አለ። ነገር ግን እምነት ያጎደለ ሰው የት እንደሚገኝ ይታወቃል። ስሙ ይታወቃል፣ ወገኑ ይታወቃል፣ ውኃ የሚቀዳበት ቢርካ ይታወቃል። አንድ ጊዜ የካደ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ማን በጁን ያበድረዋል? በአማርኛ «ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ» ይባላል። በሶማሊኛ አማኖ የምንለውም ይህንኑ ነው።

አሁን የምናገረው ትንሽ የሚከብድ ነው፤ ነገር ግን በጅጅጋ ቆሞ ስለ መተማመን የሚናገር ሰው ሊያልፈው አይገባም። ከ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሶማሌና በኦሮሚያ ክልሎች አዋሳኝ በተፈጠረው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከሁለቱም ወገን እንደተፈናቀሉ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያም ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ዕለት፣ በዚህችው በጅጅጋ ከተማ ሁከት ተነሳ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሱቆችና ባንኮች ተዘረፉ።

ወላጆቼ ከሌላ አካባቢ መጥተው እዚህ የኖሩ ናቸው። እኔ ጅጅጋ ተወልጄ፣ አማርኛና ሶማሊኛ እኩል እየተናገርኩ ያደግሁ ነኝ። ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ሆኜ ለክረምት ዕረፍት ቤት ነበርኩ። እናቴ ስኳር፣ ሩዝ፣ ፓስታና ዘይት የምትቸረችርበት ትንሽ ሱቅ ነበራት። እሷንና እኔን ለሦስት ሌሊት ቤቷ አስገብታ የደበቀችን ከልጅነቴ ጀምሮ ኤዶ እያልኩ የምጠራት ሶማሌ ጎረቤታችን ናት። በሩ ላይ ወንድ ልጇን አስቀምጣ፣ ለሚጠይቃት ሁሉ «እዚህ የእኔ ቤተሰብ ብቻ ነው ያለው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሱቁ ግን አልተረፈም። ዕቃው ተዘርፎ ቤቱ ተቃጠለ። ከሁሉ በላይ እናቴን ያስለቀሳት የዱቤ ደብተሩ መቃጠሉ ነበር። ከ40 በላይ ሰው ዕዳ ነበረበት። ያ ደብተር ሲቃጠል ሁሉም ዕዳ አብሮ ነደደ። «አልወሰድኩም» ያለን ሰው በምን ልትከሰው ትችላለች?

ከተማው ሲረጋጋ አመድ ጠርገን አንድ ጠረጴዛ አወጣን። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት መጣችና «በእኔ ላይ 320 ብር አለብሽ» አለች። እናቴ 280 መስሏት ነበር። ሴትዮዋ «አይደለም፣ ሐሙስ ዕለት ዘይት ጨምሬ ወስጃለሁ» ብላ ጨምራ ከፈለች። በሳምንቱ ከቶጎጫሌ መንገድ የመጣ ግመል አርቢ ደረሰ። የልጅ ሠርግ ደግሶ በዱቤ የወሰደው ስኳርና ሩዝ ነበረው። ሙሉውን ቆጥሮ ሰጣት። እንዲህ እያሉ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ 27 ሰዎች መጥተው ከፈሉ። የቀሩት አልመጡም። እናቴ ስለ ቀሩት ስትጠየቅ «ከተማውን የለቀቀ ይኖራል፣ ያልተመቸው ይኖራል» ከማለት በስተቀር ክፉ ተናግራ አታውቅም። አንድ ቀን ግን «የዘረፉኝን አላውቃቸውም። የከፈሉኝን ግን አውቃቸዋለሁ። ለዚህ ነው እዚሁ የምኖረው» ብላኛለች። ዛሬም እዚሁ ናት። ሱቁም ተከፍቷል።

ከዚህ የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እምነት ሲፈርስ ሒሳቡን የሚከፍለው ያፈረሰው ብቻ አይደለም። ከዚያ ሐምሌ በኋላ አንድም ድንጋይ ያልወረወረ ሰው ጭምር በገበያ ላይ በጥርጣሬ ዓይን ታይቷል፤ ጓደኛ ከጓደኛው ጋር ሻይ ለመጠጣት አመንትቷል። ሁለተኛ፣ የፈረሰው መልሶ የተገነባው በትልቅ ንግግር አልነበረም። 320 ብር ይዞ በመምጣት ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣

ይህንን ወደ ዩኒየናችን ስናመጣው ግን አንድ ችግር ይገጥመናል። እናቴ 40 ሰው በመልክ ታውቃለች። ደላላው ሻጩን ያውቃል። አባኑም እንግዳውን ቤቱ ያሳድረዋል። የዩኒየን አባል ግን ሌላውን አባል አያውቀውም። የአንዱ ማኅበር አባል በአውበሬ፣ የሌላው በቀብሪበያህ፣ የሌላው በጉርሱም በኩል ሊሆን ይችላል፤ ስንዴያቸው ግን አንድ መጋዘን ውስጥ ይደባለቃል። መልኩን የማላውቀውን ሰው እንዴት ልመነው? ኅብረት ሥራ የሚባለው ነገር በዓለም ላይ የተፈጠረው ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሰዎች፣ ከመካከላቸው የሽመና ሠራተኞች ያሉባቸው፣ 28 ፓውንድ አዋጥተው አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈቱ። በዚያ ዘመን በየከተማው ዱቄት ከሌላ ነገር ጋር የሚደባልቅና ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ ብዙ ነበር። ሮችዴሎች የሸጡት ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄትና ሻማ የመሳሰለውን ተራ ነገር ነው። ልዩ ያደረጋቸው ንጹሕ ዕቃ በሙሉ ሚዛን መሸጣቸው፣ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ መስጠታቸውና በየሦስት ወሩ ስብሰባ ጠርተው ሒሳባቸውን ለአባላት ማቅረባቸው ነው። ማለትም «እመኑን» ብለው አላቆሙም፤ «መዝኑ፣ ቁጠሩ፣ ጠይቁ» አሉ። በመላው ዓለም ያሉ ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የእኛም ጭምር፣ የሚከተሏቸው መርሆዎች መነሻቸው እነዚያ ሰዎች ናቸው።

በሀገራችን ደግሞ ተቃራኒውን አይተናል። በደርግ ዘመን ገበሬው በአምራች ማኅበር እንዲደራጅ ይገፋ ነበር። እህሉንም በመንግሥት በተቆረጠ ዋጋ፣ በኮታ፣ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስገባ ነበር። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜም ነበር። መዝገብ ነበረ፤ ማኅተምም ነበረ። የገበሬው ፈቃድ ግን አልነበረበትም። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አብዛኞቹ አምራች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ማንም አላለቀሰላቸውም። ከዚያ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ቆይቶም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 አባልነት በፈቃደኝነት፣ አመራሩ በአባላት ምርጫ፣ ሒሳቡም በኦዲት የሚመረመር እንዲሆን ተደነገገ። ሆኖም «ኅብረት ሥራ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ «ኮታ» የሚታወሳቸው አባቶች ዛሬም አሉ። እነዚህን አባቶች ኋላ ቀር ማለት ልክ አይደለም። እነሱ የሚያስታውሱት በእውነት የሆነውን ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር። በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄዱ የቁም እንስሳትን አገደች። ዕገዳው የተነሳው በ2002 ዓ.ም. በበርበራ የእንስሳት ማቆያ፣ ማለትም ኳራንቲን፣ ሥራ በጀመረበት ጊዜ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከበሽታው ነፃ የሆኑ ስንትና ስንት በጎች ከበሽተኛው እኩል በሩ ተዘጋባቸው። ገዢው ጤነኛውን ከታመመው የሚለይበት መንገድ ካልተሰጠው ሁሉንም አንድ ላይ ይመልሳል። በስንዴውም እንዲሁ ነው። ከ100 ጆንያ በ3ቱ ውስጥ ጠጠር ካገኘ፣ የዱቄት ፋብሪካው ዋጋ የሚቀንሰው በ100ው ላይ ነው። በወተቱም እንዲሁ ነው። አንዲት እናት ውኃ የጨመረችበት አንድ ጀሪካን የሌሎቹን ወተት ስም ያጠፋል።

ክቡራትና ክቡራን፣

እንደምታውቁት ነገ በሚካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ሐሳብ ይቀርብላችኋል። እስከ ዛሬ ዩኒየኑ ስንዴያችሁን ሲረከብ በዕለቱ ይከፍላችሁ ነበር። አሁን የታሰበው ከፊሉን በዕለቱ፣ የቀረውን ግን ዋጋ ሲሻሻል ከተሸጠ በኋላ እንዲከፍል ነው። እንደ ባለሙያ ሐሳቡ ጥሩ ነው። በመኸር ወቅት ገበያው ይወድቃል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ይነሳል፤ ልዩነቱን እስከ አሁን ሲጠቀምበት የኖረው ነጋዴው ነው። ነገር ግን ይህ ማለት ስንዴያችሁን በአደራ አስረክባችሁ ትጠብቃላችሁ ማለት ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታመነቱ ሰምቻለሁ። ማመንታታችሁ ተገቢ ነው። ስለዚህ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት እየደጋገምኩ እጃችሁን እንድታወጡ አልቀሰቅሳችሁም። ይልቅ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት እንድትጠይቁ የምፈልጋቸውን ነገሮች ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሚዛኑን። በየማለዳው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ክብደቱ የታወቀ ባለ 20 ኪሎ የብረት መመዘኛ በአባላት ፊት ሚዛኑ ላይ ይቀመጥ። ሚዛኑ 20 ካላለ ያን ቀን ርክክብ አይኑር። በየቀኑ መጀመሪያ የሚመዘነውም የአመራሮቹ የራሳቸው ስንዴ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ደረሰኙን። ኪሎው፣ ደረጃው፣ በዕለቱ የተከፈለውና የቀረው ገንዘብ በሶማሊኛና በአማርኛ የተጻፈበት ደረሰኝ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ በአባሉ እጅ፣ ሌላው በመሠረታዊ ማኅበሩ ይቀመጥ። የእናቴ ደብተር አንድ ብቻ ስለነበር ነው አብሮ የነደደው።

ሦስተኛ፣ ወሬውን። ስንዴው መቼ፣ ለማን፣ በስንት እንደተሸጠ በየማኅበሩ በር ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችለውም በስብሰባ ይነበብ። የኦዲት ሪፖርቱ ትርፍ ሲኖር ብቻ ሳይሆን ኪሳራ ሲኖርም ይነበብ። ሰው ኪሳራን ይቅር ይላል፤ የተደበቀ ኪሳራን ግን ይቅር አይልም።

እነዚህ ሦስቱ ካልተሟሉ «አይሆንም» በሉ። ከተሟሉ ግን እናንተም የበኩላችሁ ግዴታ አለባችሁ። ጆንያ ውስጥ አፈርና ጠጠር አይግባ። ነጋዴው ደጃፋችሁ መጥቶ «በኩንታል 50 ብር እጨምራለሁ» ሲላችሁ፣ ቃል የገባችሁትን ስንዴ በጓሮ በር አትሽጡ። ዩኒየኑ ለገዢው 1,000 ኩንታል ተስማምቶ 600 ብቻ ይዞ ከቀረበ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚጠራን ገዢ አይኖርም።

ለወረዳና ለዞን ኃላፊዎቻችንም በአክብሮት አንድ ነገር ልበል። መጋዘን ያልገባ ማዳበሪያ «ገብቷል» አይባልልን። የሚዘገይ ከሆነ አስቀድሞ ይነገረን። ገበሬው መዘግየትን ከሰማ የሚያደርገውን ያውቃል፤ ሌላ ይዘራል ወይም ያበድራል። የሚጎዳው በተስፋ ተይዞ ዝናቡ ሲያልፈው ነው። በመሐል ቆሞ የሚሰደበውም የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነው። ይህንን የምናገረው በቅሬታ ሳይሆን የእናንተንም ስም ለመጠበቅ ነው።

ለሙያ ጓደኞቼ ደግሞ፦ ያልፈተሽነውን ዘር አንመስክርለት።

አሁን የሽማግሌውን ነገር ልጨርስላችሁ። በሦስተኛው ዓመት ዘር ሲመጣ ማንንም አልለመንኩም። አንድ ጆንያ ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩና «አደር፣ ከዚህ እርስዎ በፈለጉት በኩል ዘግነው 100 ፍሬ ይቁጠሩ» አልኳቸው። ከላይ አልዘገኑም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ከታች አወጡ። ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ። በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው ቤት አስገቡትና «ቁልፉ እኔ ዘንድ ይሁን» አሉኝ። እኔም «ይሁን» አልኩ። በስምንተኛው ቀን ጎረቤቶቻቸው በተሰበሰቡበት ጨርቁ ተፈታ። 93 በቅሏል። ሽማግሌው ያልበቀሉትን ሰባቱን ነጥለው በመዳፋቸው ይዘው ለሰዎቹ አሳዩ። «አያችሁ? ሰባቱ አልበቀሉም። ይህንንም አልደበቀንም» አሉ።

በዚያ ዓመት ዘሩን የወሰዱት 31 ሰዎች ናቸው። 60 አልሆኑም። የቀሩት ገና እያዩን ነው፤ መብታቸውም ነው። ባለፈው ዓመት 44 ደርሰዋል። ሽማግሌው አሁን ዘር በመጣ ቁጥር ሳልጠራቸው ጨርቃቸውን ይዘው ይመጣሉ። በፊት «አልተማመንንም ማለት ነው» ብዬ እከፋ ይሆን ነበር። አሁን ግን መተማመናችን ይኸው ጨርቅ እንደሆነ ገብቶኛል።

ነገ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ዩኒየኑን እንዲሁ አድርጉት። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ክተቱ፣ ከታች ዝገኑ፣ ቁጠሩ። ያልበቀለውን የሚያሳያችሁ አመራር ካገኛችሁ ስንዴያችሁን ስጡት።